ለተኛ ሰው የበራች ጧፍ

በድሮ ዘመን፣ ጉም ገና ተራራ መውጣት ሳይማር ከሰው ጋር ሜዳ ላይ ይኖር በነበረበት ጊዜ፣ አንድ አገር ነበር። ሩቅ አይደለም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሦስት ጊዜ ብታዛጉ ትደርሱበታላችሁ። አራተኛ ካዛጋችሁ ግን አልፋችሁት ትሄዳላችሁና ተጠንቀቁ።

እዚያ አገር ፀሐይ በዓመት አንድ ቀን ብቅ ትልና፣ «ቤት ተሳሳትኩ መሰለኝ» ብላ ትመለሳለች። የቀረው ጉም ነው። ነጭ ጉም፣ ለስላሳ ጉም፣ ወፍራም ጉም። ሰው ከሰው እንዳይጋጭ እግሩ ላይ ቃጭል አስሮ ይሄዳል። ዶሮ በግምት ይጮኻል። አንድ ገበሬ ጉሙን መሬት መስሎት ግማሽ ቀን አረሰው፤ «ዘንድሮስ መሬቱ ለሰለሰልኝ» እያለ። ጤፍም ዘራበት። ጤፉ የት እንደ በቀለ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የጎረቤት አገር ሰዎች ግን በዚያ ዓመት «ከሰማይ ገለባ ዘነበብን» ብለው ነበር።

እንዲህ ባለ አገር ከወርቅ በላይ የሚከበረው ምንድን ነው? ጧፍ ነው። ጧፍ ማለት ልቧ ጥጥ፣ ሥጋዋ ሰም፣ ነፍሷ እሳት የሆነች ነገር ናት።

በዚያ አገር አንዲት ይመናሹ የምትባል ጧፍ ሠሪ ነበረች። እጇ ብልህ፣ አፏ ቁጥብ፣ ልቧ ግትር። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ ዘመድ የላትም። ያሏት ሰባት ቀፎዎችና አንድ ደረቅ የጥጥ ማሳ ናቸው፤ አባቷ ሲሞት የተወላት። ንቦቿን በድምፃቸው ለይታ ታውቃለች። አንዷ ሰላም ሳትል ከቀፎ ከወጣች፣ «አንቺ፣ ሰላምታ የለም?» ትላታለች፤ ንቧም ተመልሳ ትሳለማታለች። ማሩን ስትቆርጥ በቀስታ፣ ለንቦቹም የሚበሉትን ትታ ነው። ሰፈፉን አቅልጣ፣ በጨርቅ አጥልላ፣ ሰሙን ታወጣለች። ጥጡን በእንዝርት ፈትላ፣ ክሩን ሰም አልብሳ፣ ጧፍ ትሠራለች።

የአገሩ ንጉሥ ውብነህ ይባላሉ። ደግ ናቸው፣ ዝምተኛ ናቸው፣ ከምሳ በኋላ መተኛት ይወዳሉ። እናታቸው ከሞቱባቸው ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ልቅሷቸው ግን ገና የትናንት ነው።

አሁን የአገሩን ልማድ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነውና። በጉም አገር ሙታንም መንገድ ይጠፋቸዋል። ስለዚህ የሞተ ወዳጁን በህልም ማየት የፈለገ ሰው ሲተኛ በራስጌው ጧፍ ያበራል። ጧፏ እስከበራች ድረስ ሙቱ መንገዱን እያየ ይመጣል። ጧፏ ከጠፋች ጉሙ ውስጥ ይቀራል።

ሌላም ልማድ አለ። ወደ ንጉሥ ቤት የሚገባ ነገር ሁሉ፣ ሰውም ቢሆን፣ ወጥም ቢሆን፣ መጥረጊያም ቢሆን፣ ሳይመረቅ አይገባም። ይህን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙልኝ፤ በኋላ እጠይቃችኋለሁ።

ንጉሡ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ጧፍ አብርተው ይተኛሉ። በህልማቸው እናታቸው ከሩቅ፣ በጉሙ መሐል፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። ይቀርባሉ፣ ይቀርባሉ፣ ይቀርባሉ። ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ልክ ቃል ሊወጣቸው ሲል ጧፏ ትጠፋለች። ንጉሡ ላብ አጥምቋቸው ይነቃሉ።

«ምን ሊሉኝ ነበር?» ብለው ቤተ መንግሥቱን ጠየቁ።

የጦር አለቃው «ጠላት መጣ ሊሉ ይሆናል» አለ። የግምጃ ቤቱ ሹም «የቀበሩት ወርቅ ይኖራል» አለ። ንጉሡ ግን በልባቸው «እናቴ ሳይመርቁኝ ነው የሞቱት። ሊመርቁኝ ነው የሚመጡት» አሉ። ይህን ለማንም አልነገሩም። ለእናንተ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ።

የቤተ መንግሥቱ ጧፍ ሹም ሽብሩ ይባላል። ምላሱ ረጅም፣ እጁ አጭር፣ ዓይኑ የሰው ቀፎ ላይ ነው። የእሱ ጧፎች ገና ሳይበሩ ይጠፉ ነበር ቢባል ይቀላል። ይህ ሰው ወደ ንጉሡ ጆሮ ጠጋ አለና፣ «ጃንሆይ፣ ጥፋቱ የሰሙ ማነስ ነው። የአገሩን ቀፎ ሁሉ ይስጡኝና እንደ ምሰሶ የምታክል ጧፍ ልሥራ» አላቸው።

ሽብሩ ማር አቆራረጥ አያውቅም። እሱ ቀፎውን በችቦ ይለበልበዋል፤ ንቡ ያልቃል፣ ሰሙ ይተርፋል።

ንጉሡ አሰቡና አዋጅ አስነገሩ። «ህልሜን እስከ መጨረሻው የምታደርስ ጧፍ የሠራ ሰው የለመነውን አገኘ። የዘንድሮ አደይ አበባ እስኪረግፍ ካልተገኘች ግን ቀፎ ሁሉ ለሽብሩ ይሰጥ።»

«ከይመናሹ እጀምራለሁ» አለ ሽብሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ይመናሹ አዋጁን ሰምታ ሰባቱን ቀፎዎች በየተራ ዳበሰች። ከዚያ ተነሥታ ጥጧን አወጣች።

መንገድ ላይ ሽብሩ አገኛት። «ስሚ፣ ለንጉሥ ቀጭን ነገር ነውር ነው። ክሩን አወፍሪው» አላት። እሷም የሹም ምክር አልንቅም ብላ አሥራ ሁለት ክር ገምዳ፣ አውራ ጣት የምታክል ልብ ያላት ጧፍ ሠራች። በቤተ መንግሥቱ በር ለበረኞች ሰጠች። ድሃ ሰው ከበር አያልፍምና ውጭ ቆማ ጠበቀች።

ብዙ አልቆየም። ከውስጥ ሳል መጣ። ከሳሉ ኋላ ጭስ መጣ። ከጭሱ ኋላ ንጉሡ ራሳቸው ብቅ አሉ፤ ፊታቸው የድስት ቂጥ መስሏል። ከእሳቸው ሳይጠቁር የቀረው ጥርሳቸው ብቻ ነው።

«እናቴ እየመጡ ሳለ አሳላቸው። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ተመለሱ» አሉ በሐዘን።

ሽብሩ «እኔ እንዲህ ወፍራም አላልኩም» አለ።

ይመናሹ ቤቷ ገብታ አገጯን ይዛ ተቀመጠች። በዚህ ጊዜ በመስኮት አንዲት የእሳት እራት እያነከሰች በርራ ገባች። አዎ፣ በአየር ላይ ማነከስ ይቻላል፤ ግማሽ ክንፍ ያለው ሰው ይጠየቅ። ስሟ እትዬ ብናኝ ነው። ዕድሜዬ ሰባት መቶ ዓመት ነው ትላለች፤ እኔ ከስድስት መቶ ሃምሳ አላሳልፋትም።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ንጉሡ ራስጌ ነበርኩ» አለች፣ ጥላሸቷን እያራገፈች። «እሳት አውቃለሁ። ዘመዶቼ በሙሉ ያለቁት እሳት ሲመረምሩ ነው።»

«እስቲ ያዩትን ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

«ነበልባሉ ክንድ ያክላል። ጫፉ ጥቁር ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ሰሙ በጎን እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ጧፏ የተበላችው እኔ ሁለቴ ስዞራት ነው።»

ይመናሹ አሰበች። ጥጥ ሰምን ይጠጣል፤ ጠጥቶ ለእሳት ያቀብላል። ልቧ የወፈረ ጧፍ ከሚገባት በላይ ትጠጣለች። እሳቱም መጨረስ ያቃተውን ጭስ አድርጎ ይተፋዋል። «ጥፋቱ የኔ ነው። አሥራ ሁለት አፍ ለአንድ ማዕድ አስቀመጥኩ» አለች።

በማግስቱ ሽብሩ ደግሞ መጣ። «አየሽ፣ ቀጭን ነው የሚያስፈልገው። እኔ ድሮም ቀጭን ነው ያልኩት።»

እሷም በጭሱ ደንግጣ ነበርና ሰማችው። አንዲት ክር ብቻ፣ የሸረሪት እህት የምትመስል፣ ሰም አልብሳ ሰጠች። ደግሞ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ጭስ የለም፣ ሳል የለም። ደስ ሊላት ሲል ንጉሡ ወጡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«እናቴ ጨለማ ውስጥ ቀሩ። በእጃቸው እየዳበሱ 'የት ነህ?' አሉኝ። ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ፊታቸውን ግን አላየሁም።»

እትዬ ብናኝ ማታውኑ ወሬዋን አደረሰች። «እሳቷ የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች። ዙሪያዋን የቀለጠ ሰም ኩሬ ሆነ። ኩሬው ሞላ፣ ሞላ፣ ከዚያ እሳቷ ዋኝታ ዋኝታ ሰጠመች። እኔም ክንፌን አጥፌ ትንሽ አለቀስኩ።»

«አንዲት ክር የምትጠጣው ከሚቀልጠው አነሰ» አለች ይመናሹ። «የተረፈው ሰም አሰጠማት።»

ይህ ሁሉ ሲሆን አደይ አበባው እየረገፈ ነው። ሜዳው ቢጫ ነበር፤ ግማሹ ጠቆረ። ከግማሹ ግማሹ ጠቆረ።

ይመናሹ ከዚያ ወዲያ የሽብሩን ምክር በአንድ ጆሮዋም አላስገባችም። በሩን ዘጋች፣ የንፋስ ቀዳዳውን ደፈነች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ባለ ሁለት ክር ሠርታ አበራች፤ እሳቷ ቆዘመች። ባለ አራት ሠርታ አበራች፤ አጨሰች። ባለ ሦስት ሠርታ አበራች፤ እሳቷ ቀና፣ እንደ ስንዴ ፍሬ ሆና ቆመች። ክሩን ስትገምድ አላጠበቀችም፤ የተጠበቀ ክር ጉሮሮው የታነቀ ነው፣ አይጠጣም። ደግሞም ክሩን ከማልበሷ በፊት በትኩስ ሰም ውስጥ ነክራ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቀች። አረፋው ሲያልቅ በጥጡ ውስጥ የተደበቀው ነፋስና ርጥበት ወጣ ማለት ነው።

ያቺ ጧፍ ቤቷ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነደደች። አልተናገረችም፣ አልጨሰችም፣ አላለቀሰችም። እንዲያውም በጣም ጸጥ ከማለቷ የተነሣ ጎረቤት ቤት የተጣሉ ባልና ሚስት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ይመናሹ አምሳያዋን ሠርታ ወደ ቤተ መንግሥት ወሰደች። በር ላይ ቆመች። ልቧ ሞልቶ ነበር።

ከውስጥ የመጣው ድምፅ ግን፣ ጣ፣ ጣ፣ ጧ ይላል። ከዚያ ዝም።

ንጉሡ ወጡ። አሁንስ አልተቆጡም፤ የደከመው ሰው አይቆጣም። «እናቴ ሰምተው ቆሙ። 'ማነው ቆሎ የሚቆላው?' አሉ። ቆሎውን ፍለጋ ሄዱ። ከዚያ ጧፏ ጠፋች።»

ሽብሩ እጁን አፋተገ። «ንቦቿ የተረገሙ ናቸው። ጃንሆይ፣ ችቦዬን ላዘጋጅ?»

«አበባው እስኪረግፍ ብያለሁ» አሉ ንጉሡ።

አበባ የቀረው ግን አንድ ነው። ይመናሹ ደጅ፣ ከሰባተኛው ቀፎ ሥር፣ አንዲት አደይ ቆማለች። ንቦቹም ነገሩ ገብቷቸዋል። የሰባቱ ቀፎ ንብ ሁሉ ወጥቶ እያንዳንዷን የአበባ ቅጠል በስምንት በስምንት ሆኖ በእግሩ ይዟል። ንፋስ ሲመጣ አጥብቀው ይይዛሉ፣ ሲያልፍ ተራ ይለዋወጣሉ። አበባዋ ለራሷ ልርገፍ ብትል አልቻለችም።

ይመናሹ ከአበባዋ አጠገብ ተቀመጠች። «ሰሙ ያው ሰም ነው» አለች። «ጥጡ ያው ጥጥ ነው። እጁም ያው የኔ እጅ ነው። እኔ ቤት ጸጥ ያለች ጧፍ፣ ንጉሥ ቤት ምን ሆና ትለፈልፋለች?»

እትዬ ብናኝ ትከሻዋ ላይ አረፈች። «ጣ፣ ጣ የሚል እሳት እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ውሃ የነካው እሳት ነው።»

«አረፋውን አስወጥቻለሁ፣ እትዬ። ደረቅ ናት።»

«ከእጅሽ ስትወጣ ደረቅ ናት። ከበሩ እስከ አልጋው ምን እንደምትሆን አይተሻል?»

«እኔ ከበር አላልፍ።»

«እንግዲያ ነገ እኔ እከተላታለሁ። እስካሁን የምጠብቃት ራስጌው ላይ ነበር፤ መንገዷን አላየሁትም።»

በማግስቱ ጠዋት ይመናሹ ሌላ ጧፍ ላከች፤ ለመብራት ሳይሆን ለመሰለል። «ንጉሡ እንዳያበሯት፤ መንገድ ልትለምድ ነው የምትገባው በሉ» አለቻቸው። በረኞቹ በዚያ አገር ከዚህ የባሰም ሰምተዋልና አስገቡላት። እትዬ ብናኝ በጉሙ ተሸፍና ተከተለች። ስትመለስ ክንፏ ርሶ በእግሯ ነበር የመጣችው።

«ዝናም ነበር?» አለች ይመናሹ።

«ምርቃት ነበር» አለች እትዬ ብናኝ።

ኪሳችሁ ውስጥ ያስቀመጥኩትን አሁን አውጡ።

ከበሩ እስከ ንጉሡ አልጋ አርባ መራቂ ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ ተሰልፈዋል። ጧፏ ስታልፍ እያንዳንዳቸው ጫፏን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ብሩህ ያድርግሽ፣ እትፍ፣ እትፍ» ይሏታል። አርባ ሽማግሌ፣ ሁለት ሁለት እትፍታ፤ ሰማንያ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያሉት አለቃቸው አባ ደግፌ ናቸው። አባ ደግፌ የመጨረሻ ጥርሳቸው ከወለቀ ሃያ ዓመት ሆኗል፤ ልባቸው ንጹሕ ነው፣ ምርቃታቸው ግን ሐምሌ ነው። እሳቸው የመረቁት ዶሮ ላባው እስኪደርቅ ሦስት ቀን ይፈጃል።

ጥጥ ደግሞ ሆዳም ነው። ሰም ቢያገኝ ሰም፣ ውሃ ቢያገኝ ውሃ ይጠጣል። ለመለኮሻ ተብላ እርቃኗን የተተወችው የክሩ ጫፍ አርባውን ምርቃት ጠጥታ ነበር የምትገባው።

«ታዲያ ፊተኞቹ ለምን አልተንጣጡም?» አለች ይመናሹ።

«ወፍራሟ በጉልበቷ አደረቀችው። ቀጭኗ ለመንጣጣትም አቅም አላገኘች።»

ይመናሹ ነገሩ ገባት። መላው ተገኘ፤ ችግሩ መናገሩ ነው። «ምርቃታችሁ ጧፌን አጠፋብኝ» ብትል፣ አገር «ምርቃት አጠፋኝ አለች» ይላታል። ከዚያ በኋላ ንቦቿ ብቻ አይደሉም በችቦ የሚለበለቡት፤ እሷም ናት።

ተነሣችና ወደ ወንዝ ወረደች። ቀጥ ያለ ሸምበቆ ቆረጠች፣ በፀሐይ ፈንታ በምድጃ ዳር አደረቀችው። ጧፏን ከውስጥ አስገብታ ሁለቱን ጫፍ በሰም ደፈነች።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ሽብሩ ሰዎቹን ይዞ ማለዳ መጥቶ ሰባቱን ቀፎዎች አስወርዶ፣ የቤተ መንግሥቱ ደጅ ላይ ደረደራቸው። አበባዋንም ከነአፈሯ ነቅሎ አመጣት፤ ስትረግፍ ለማየት ቸኩሎ። ንቦቹ አበባዋን እንደያዙ አብረው መጡ። ሽብሩ ችቦውን ለኮሰ።

ይመናሹ ሸምበቆዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። በዚያን ቀን አባ ደግፌ ምርቃቱ ሳይደክም አልቀረም ብለው፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቦታ፣ ከበሩ አጠገብ መጥተው ነበር።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ሸምበቆውን እያዩ።

«አባቴ፣ ጧፏ ዛሬ ቀሚስ ለብሳለች። ንጉሥ ፊት እርቃኗን መግባት አፈረች። ራስጌ ስትደርስ ብቻ ትውለቅላት።»

«ወግ ነው። ሴት ልጅ እንዲህ ናት» አሉ አባ ደግፌ። ሸምበቆውን ተቀብለው ሳሙት። «ብሩህ ያድርግሽ፣ ጨለማ አይንካሽ፣ ንፋስ አይይሽ፣ እትፍ፣ እትፍ።» ሸምበቆው ታጠበ። ሠላሳ ዘጠኙም ተቀብለው አጠቡት። ጧፏ ከውስጥ እንደ ደረቀች፣ ምርቃቷን ከውጭ እየሰማች ገባች።

ንጉሡ ምሳቸውን በሉ። ጋደም አሉ። ሸምበቆው ተከፈተ፣ ጧፏ በራች፣ ንጉሡ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጸጥታ ሆነ። እንዴት ያለ ጸጥታ መሰላችሁ? ጉሙ ሲራመድ ይሰማል። ጧፏ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እሳቷ እንደ ስንዴ ፍሬ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ብርሃኗም በመስኮቱ ወጥቶ በጉሙ ላይ ወርቃማ ጠባብ መንገድ ሠራ። መንገዱ በቤቶቹ ላይ አለፈ፣ በወንዙ ላይ አለፈ፣ በማናውቀው ሜዳ ላይ አለፈ። እሚያልቅበት ቦታ ላይ አሮጊት ሴት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

መጡ። ሳይሳላቸው መጡ። ሳይዳብሱ መጡ። ቆሎ ሳያታልላቸው መጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ አልጋውም ሰመጥ አለ። ንጉሡ የእናታቸውን ቅቤ ሽታ አሸተቱ።

«እማዬ፣ ሊመርቁኝ ነው?»

«አንተ ልጅ» አሉ እናቲቱ፣ ጉልበታቸውን እያሹ። «ለተኛ ሰው ጧፍ የሚያበራ ማን ነው? ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ልነግርህ ስመላለስ እግሬ አለቀ። አንተ ባበራህ ቁጥር እኔ እነሣለሁ። መቼ ነው የማርፈው? መርቄህማ ነበር፤ ያኔ ገና ጡት ስትጠባ መርቄ ጨርሻለሁ። በል አጥፋትና ተኛ።»

ግንባራቸውን ሳሙ። በወርቃማው መንገድ ሳይቸኩሉ ተመለሱ፤ ንጉሡም ጫፉ ላይ ሲደርሱ አዩ።

ንጉሡ ነቁ። ጧፏ ገና ግማሿ ነው የነደደችው። እጃቸውን ዘርግተው በሁለት ጣታቸው ቆነጠጧት።

ውጭ ያሉት የመስኮቱ ብርሃን ድንገት ድርግም ሲል አዩ።

«ጠፋች» አለ ሽብሩ። ያን ጊዜ ንቦቹም ደንግጠው አበባዋን ለቀቁ፤ ቅጠሎቿ አንድ ባንድ ረገፉ። ሽብሩ ችቦውን አንሥቶ ወደ መጀመሪያው ቀፎ ተራመደ። ይመናሹ ከቀፎው ፊት ቆመች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፤ ብቻ አልነቃነቅ አለች።

«ዞር በይ» አለ ሽብሩ።

«አንተ ዞር በል» አለ አንድ ድምፅ ከኋላው። ንጉሡ ናቸው፤ ጫማ የላቸውም፣ ጣታቸው ላይ ጥላሸት አለ፣ ፊታቸው የሦስት ዓመት እንቅልፍ የተኛ ሰው ፊት ነው። «አልጠፋችም። እኔ ነኝ ያጠፋኋት።»

የሆነውን ነገሩ። አርባው ሽማግሌዎች አለቀሱ፣ የጦር አለቃው አለቀሰ፣ የግምጃ ቤቱም ሹም «ወርቁስ?» ሊል አፉን ከፍቶ ዘጋው።

«ይመናሹ» አሉ ንጉሡ፣ «ከቀደሙት ምን ለየሽው?»

አሁን ውሸት አይሆንም፤ እውነትም ያስፈራል። ይመናሹ አባ ደግፌን አየች። አባ ደግፌ ጥርስ በሌለው አፋቸው ፈገግ ብለውላታል፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አከበደው።

«ጃንሆይ፣ የአባቶቼ ምርቃት ትልቅ ነው፤ የጧፍ ክር ትንሽ ናት» አለች። «አርባውን ስትጠጣ ትታነቅ ነበር። ዛሬ ምርቃቱን ከሸምበቆው ውጭ አስቀረሁት። ቃሉ ገብቷል፤ ውሃው ነው የቀረው።»

ዓይን ሁሉ ወደ አባ ደግፌ ዞረ። እሳቸው ዱላቸውን ተደገፉ።

«ለካ ለዚህ ነው» አሉ። «ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ወጧን ልመርቅላት ስመጣ ድስቱን እየሮጠች ትከድን ነበር። እኔ ከዝንብ ልትከልለው ነው እል ነበር።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ንጉሡ፣ ከዚያ አገሩ። ከሳቁ ብዛት ጉሙ አንድ ክንድ ከመሬት ተነሣ፤ ሰዎች የጎረቤቶቻቸውን እግር ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ።

«የለመንሽው ይሁን» አሉ ንጉሡ።

«ሰባቱን ቀፎዎቼን ይመልሱልኝ። ደግሞም አርባውን አባቶቼን ያውሱኝ። የጥጥ ማሳ አለኝ፤ ደረቅ ነው። ምርቃት ለዘር ነው የሚበጀው።»

ተሰጣት። ሽማግሌዎቹ በማሳው ዙሪያ ቆመው መረቁ። ከዚያን ዓመት ጀምሮ ማሳው ዝናም አልጠበቀም። ጥጡ ቁመቱ ከዝግባ በለጠ፤ አንዷ ፍሬ ስትፈነዳ በድምፅዋ ሰባት መንደር ይነቃል፣ በጥጧም ሰባት መንደር ይለብሳል።

ሽብሩስ? ንጉሡ አልገረፉትም፣ አላሰሩትም። ማሳውን እንዲኮተኩት ሰጡት፤ ቦታውም ልክ ከአባ ደግፌ ፊት ነው። እስከ ዛሬ ልብሱ አልደረቀም። በዓለም ላይ እንደ እሱ የተመረቀ ሰው የለም፤ እሱ ብቻ ነው ደስ ያላለው።

ንጉሡ ከዚያ ወዲያ በጨለማ ተኙ። ግማሿን ጧፍ ለይመናሹ መለሱላት። እሷም በዓመት አንዴ፣ አደይ ሲፈነዳ፣ ለእትዬ ብናኝ ብላ ታበራታለች፤ አሮጊቷ ሦስት ጊዜ ትዞርና «ጥሩ እሳት ነው፣ ግን ሰባት መቶ ዓመቴ ነው፣ ዘንድሮ አልገባበትም» ትላለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። መልካም ነገርም ቦታውን ከሳተ ያጠፋል፤ ቦታውን ካገኘ ያበቅላል። የሚንጣጣ ነገር ስትሰሙም ሠሪውን ከመርገማችሁ በፊት በየት በኩል እንደመጣ መንገዱን እዩ።

እኔም ተረቴን እንደ ንጉሡ በሁለት ጣቴ ቆነጠጥኳት። እፍ እንዳትሉባት፤ ምርቃት ይሆንባታል። በሉ ተኙ።